ጭምቱ እረኛ፦ የናዚያንዙስ ጎርጎርዮስ መሸሽና መመለስ

መግቢያ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። መጋቢው ሁለት ጊዜ ሰብኳል። ከአምልኮው በኋላ በር ላይ ቆሞ የምእመናኑን እጅ ጨብጧል፤ ለታመመች እናት ጸልዮአል፤ ሊጋቡ ላሰቡ ወጣቶች ቀጠሮ ሰጥቷል፤ ከዚያም ለቅሶ ቤት ደርሶ ተመልሷል። ቤቱ ሲገባ ልጆቹ ይጠብቁታል፤ ስልኩም ይጠራል። እርሱ ግን ከማንም ጋር አንዲት ቃል ለመለዋወጥ አቅም የለውም። በሩን ዘግቶ ብቻውን መቀመጥ ያምረዋል። ወዲያውም ኅሊናው ይወቅሰዋል፦ ከሰው መራቅ የሚያምረው እረኛ ምን ዓይነት እረኛ ነው?

በብዙ አብያተ ክርስቲያናታችን መልካም እረኛ የሚባለው ቤቱ የማይዘጋ፣ ከሰው መካከል የማይጠፋ አገልጋይ ነው። ይህ አስተሳሰብ ከባህላችንም ከወንጌልም የተቀዳ እውነት አለው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ስንል ከልባችን ነው። ነገር ግን መድኃኒትም መጠን አለው። ከሰው ጋር በዋለ ቁጥር የሚበረታ አገልጋይ እንዳለ ሁሉ፣ ሰውን እየወደደ ከሰው ጋር በዋለ ቁጥር የሚዝል አገልጋይም አለ። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ክፉ መንገዶች አንዱን ይመርጣል። ወይ ድካሙን ደብቆ እስኪወድቅ ድረስ ይሮጣል፤ ወይ ደግሞ አንድ ቀን ሳይናገር ይጠፋል።

ይህ ጽሑፍ በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረውን የናዚያንዙስ ጎርጎርዮስን ሕይወት ከዚህ ጥያቄ አንጻር ይመለከታል። ጎርጎርዮስ በሕይወቱ ደጋግሞ ከሰው መካከል ወጥቷል፤ ደጋግሞም ተመልሷል። አንዳንዱ መውጣቱ ቤተ ክርስቲያንን ጎድቷል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ የምትመገበውን ፍሬ አፍርቷል። የጽሑፉ ሐሳብ አጭር ነው፦ ጽሞናን መውደድ የእረኝነት ጉድለት አይደለም፤ ጽሞናን ከሽሽት የሚለየው የመመለሻው በር ክፍት መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ቃሉ ጥቂት ማስጠንቀቂያ

ዛሬ እንዲህ ያለውን ሰው «ኢንትሮቨርት» እንለዋለን። ቃሉን በሰፊው ያስተዋወቀው ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ዩንግ በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። በዘመናችን አነጋገር ኢንትሮቨርት ማለት ሰውን የሚጠላ ወይም የሚፈራ ማለት አይደለም። ከብዙ ሰው ጋር መዋል ጉልበቱን የሚጨርስበት፣ ብቻውን ሲሆን ጉልበቱ የሚመለስለት ሰው ማለት ነው። አማርኛችን «ጭምት» የሚል ያማረ ቃል አለው፤ ምንም እንኳ ፍቺው ፍጹም አንድ ባይሆን ለዚህ ጽሑፍ ይበቃናል።

የታሪክ ተማሪ ግን መጠንቀቅ አለበት። ከ1600 ዓመት በፊት የሞተን ሰው በዛሬ መመዘኛ መርምረን ስም ልንሰጠው አንችልም። ጎርጎርዮስ ብቸኝነትን የወደደው በጠባዩ ብቻ አልነበረም፤ በዘመኑ የነበረው የምንኩስና ጥሪና የግሪክ ፈላስፎች ስለ ዕረፍት የነበራቸው ትምህርትም ስበውታል። ያም ሆኖ ስለ ራሱ ብዙ የጻፈ ሰው ስለሆነ ከሰው ጋር መዋል ምን ያህል እንደሚያደክመው፣ ጽሞናም ምን ያህል እንደሚያድሰው ከራሱ አፍ እንሰማለን። ሰውን የሚጠላ አልነበረም። ከ240 በላይ ደብዳቤዎቹ ደርሰውናል፤ በእነርሱም ውስጥ ቀልደኛ፣ ታማኝና ጓደኛውን የሚናፍቅ ሰው እናገኛለን።

የመጀመሪያው ሽሽት

ጎርጎርዮስ በ330 ገደማ በቀጰዶቅያ ተወለደ። ቀጰዶቅያና አጎራባችዋ ጳንጦስ በሐዋርያት ሥራ 2፥9 እና በ1ኛ ጴጥሮስ 1፥1 የተጠቀሱት፣ በዛሬዋ ቱርክ የሚገኙት አገሮች ናቸው። አባቱ፣ እርሱም ጎርጎርዮስ የሚባለው፣ የናዚያንዙስ ኤጲስ ቆጶስ ነበር፤ ወደ ክርስቶስ ያመጣችውም ሚስቱ ኖና ናት። ልጅየው በአቴና ለዓመታት ሲማር ከባስልዮስ ጋር የዕድሜ ልክ ጓደኝነት መሠረተ።

ከትምህርት በኋላ ባስልዮስ በጳንጦስ በኢሪስ ወንዝ አጠገብ ለጸሎትና ለቃሉ ጥናት ተለይቶ ተቀመጠ። ጎርጎርዮስም ሊጎበኘው ሄደ። ስለዚያ ስፍራ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ያስቃሉ። በአንዱ ላይ በጭቃው፣ ጥርስ በማይገባው ዳቦና አትክልት በማይበቅልበት የአትክልት ስፍራ ያፌዛል። በሌላው ደግሞ አብረው የዘመሩበትን፣ የጸለዩበትን፣ ቃሉን ያጠኑበትንና በእጃቸው የሠሩበትን ጊዜ በእውነተኛ ናፍቆት ያስታውሳል። ይህን ልብ እንበል፤ የናፈቀው ጽሞና ሰው የሌለበት አልነበረም። አንድ ጓደኛ፣ መጽሐፍ ቅዱስና ጸሎት ያለበት ጽሞና ነበር።

በ361 መጨረሻ ወይም በ362 መጀመሪያ አባቱ ሳይወድ ለቅስና ሾመው። ሽማግሌው አገልግሎቱ ከብዶት ነበር፤ ሕዝቡም የልጁን መሾም ይፈልግ ነበር። ጎርጎርዮስ ግን ነገሩን እንደ ግፍ ቈጠረው። ጥቂት ቆይቶ ናዚያንዙስን ጥሎ ወደ ባስልዮስ ሸሸ። ከወራት በኋላ በ362 ፋሲካ ተመለሰ። የጠበቀው አቀባበል ግን ደማቅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባደረገው ንግግር ያን ያህል የፈለጋችሁኝ ሰዎች አሁን ልትሰሙኝ ለምን አልመጣችሁም ብሎ ይወቅሳቸዋል። ነገሩን ከሕዝቡ ወገን ሆነን ስናየው ግን ቅሬታቸው ይገባናል። ገና የተሾመላቸው እረኛ ትቷቸው ሄዷል። ጭምት አገልጋይ ሳይናገር ሲጠፋ፣ እርሱ ዐረፍሁ ይላል፤ ሕዝቡ ግን ተናቅን ይላል።

ሙሴና አሮን፣ ኤርምያስና ኢሳይያስ

ጎርጎርዮስ ስለ ሽሽቱ ለመመለስ ረጅም መከላከያ ጻፈ። በስብከቶቹ ስብስብ ውስጥ ሁለተኛው ሆኖ የሚቈጠረው ይህ ጽሑፍ ስለ እረኝነት በስፋት ከተጻፉት ቀዳሚ የክርስትና መጻሕፍት አንዱ ነው። የነፍስን ሕክምና ከሥጋ ሕክምና ጋር እያነጻጸረ፣ ሰውን መምራት ከጥበባት ሁሉ የሚበልጥ ጥበብ መሆኑን ያስረዳል። አንድ ዓይነት መድኃኒት ለሁሉ አይሆንምና እረኛው እያንዳንዱን ሰው ለይቶ ማወቅ አለበት። እንግዲህ ሰው የሸሸው ሰው ስለ ሰው ይህን ያህል ያስተዋለው እንዴት ነው? ምናልባት ገለል ብሎ ማየቱ ረድቶት ይሆናል።

ስለ መሸሹ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ የጽሞና ፍቅር ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ይህን ሕይወት ይመኝ እንደነበር አልደበቀም። ሹመቱ ድንገተኛ ሆኖ እንዳስደነገጠው፣ ሳይዘጋጁ ወደ መሠዊያው የሚሮጡ ሰዎች እንዳሳፈሩት፣ ራሱንም ለሥራው ብቁ አድርጎ እንዳላየ ይጨምራል። ለምን እንደተመለሰ ሲናገር ደግሞ የሕዝቡን ናፍቆትና የወላጆቹን እርጅና ያነሣል፤ ከዚያም ወደ ነቢዩ ዮናስ ይሄዳል። ከእግዚአብሔር ፊት መሸሽ እንደማይቻል ከዮናስ ተምሬአለሁ ይላል።

ለእኛ ጥያቄ ዋናው ነጥብ ግን በጽሑፉ መጨረሻ አካባቢ ይገኛል። ጎርጎርዮስ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እግዚአብሔር የጠራቸው ሰዎች በሁለት ዓይነት መንገድ እንደመለሱ ያስተውላል። ሙሴ ወደኋላ አለ (ዘጸ. 4፥10–13)፤ አሮን ግን ፈጥኖ ሄደ (ዘጸ. 4፥27)። ኤርምያስ ልጅነቱን አንሥቶ ፈራ (ኤር. 1፥6)፤ ኢሳይያስ ግን እኔን ላከኝ አለ (ኢሳ. 6፥8)። ጎርጎርዮስ እንደሚያስተውለው የፈጠነው ስለ መፍጠኑ፣ የዘገየውም ስለ መዘግየቱ ብቻ አልተነቀፈም፤ የዘገየው ድካሙን አውቆ፣ የፈጠነው በጠሪው ታምኖ ነውና። ሁለቱም በመጨረሻ ታዘዋል። በእርግጥ እግዚአብሔር ሙሴ ደጋግሞ እምቢ ባለ ጊዜ ተቈጥቷል (ዘጸ. 4፥14)፤ ነገር ግን ቍጣው የሙሴን ጠባይ አልለወጠም፤ ይልቁን የሚናገርለትን ወንድም ሰጠው። አሮን ሙሴን አልተካም፤ ሙሴም አሮንን አልሆነም።

ሳሲማና ሴሌውቅያ

ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ቍስል መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋሌንስ ቀጰዶቅያን ለሁለት ከፈለ፤ የቂሣርያ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ባስልዮስም የአስተዳደር ክልሉን ላለማጣት አዳዲስ ኤጲስ ቆጶሳትን ሾመ። በ372 ጎርጎርዮስን ሳሲማ በምትባል ትንሽ የመንገድ ጣቢያ ሾመው። ጎርጎርዮስ በኋላ ስለ ሕይወቱ በጻፈው ረጅም ግጥም ስፍራዋን በምሬት ይገልጻታል፦ ሦስት መንገዶች የሚገናኙባት፣ ውኃና ልምላሜ የሌለባት፣ አቧራ፣ የሠረገላ ጩኸትና አላፊ አግዳሚ የሞላባት። ለጭምት ሰው ከዚህ የሚከብድ ቦታ ማሰብ ያዳግታል። ጎርጎርዮስ እዚያ ገብቶ አላገለገለም፤ ከባስልዮስ ጋር የነበረው ወዳጅነትም ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

በዚህ ላይ ሁለቱም ወገኖች የሚወቀሱበት ነገር አለ። ባስልዮስ ጓደኛውን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ወታደር ቈጠረው፤ የት ቢመደብ እንደሚያፈራና የት ቢመደብ እንደሚደርቅ አልጠየቀም። ነገር ግን ባስልዮስ ራሱ ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት ውስጥ ልንረሳው የማይገባ ጥያቄ አለ፦ ብቻህን የምትኖር ከሆነ የማንን እግር ታጥባለህ? ጌታ እግር ማጠብን ያስተማረው በተግባር ነው (ዮሐ. 13)፤ ይህን ትእዛዝ ብቻውን ሆኖ የሚፈጽም የለም።

በ374 አባትና እናቱ ሞቱ። ጎርጎርዮስ የናዚያንዙስን ቤተ ክርስቲያን ለጥቂት ጊዜ ከመራ በኋላ በ375 ገደማ ወደ ሴሌውቅያ ሄዶ አራት ዓመት ያህል በጽሞና ኖረ። ይህ መውጣት ሁለት ፍሬ ነበረው። አንዱ መራራ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ የናዚያንዙስ ቤተ ክርስቲያን አሁንም ያለ ኤጲስ ቆጶስ ነበረች። ሁለተኛውን ፍሬ ግን ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ቀመሰችው።

በ379 በቁስጥንጥንያ የነበሩ፣ የኒቅያን እምነት የያዙ ጥቂት ምእመናን ጠሩት። በከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት በአርዮሳውያን እጅ ከገቡ አርባ ዓመት ያህል ሆኖአቸው ነበር። ጎርጎርዮስ በአንድ ዘመዱ ቤት ውስጥ በተዘጋጀች ጸሎት ቤት ማገልገል ጀመረ፤ ስምዋንም አናስታስያ፣ ማለትም ትንሣኤ፣ አላት። በፋሲካ ሌሊት ሰዎች ድንጋይ ይዘው ገቡባቸው፤ እርሱ ግን ቀጠለ። በ380 በዚያ አካባቢ ያቀረባቸው አምስት የነገረ መለኮት ስብከቶች ስለ ሥላሴ ከተነገሩት ትምህርቶች ሁሉ በስፋት ከተነበቡት መካከል ናቸው። በአገራችን ጥንታዊ ትውፊት ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ነባቤ መለኮት ተብሎ የሚታወቀውም በዚህ አገልግሎቱ ነው።

ከአምስቱ በመጀመሪያው ላይ ስለ እግዚአብሔር መናገር ለማንም፣ በማንኛውም ጊዜና በማንኛውም ስፍራ የሚሆን ነገር እንዳልሆነ ያስጠነቅቃል። በመዝሙር 46፥10 ላይ ተመሥርቶም እግዚአብሔርን ለማወቅ በእውነት ማረፍ ያስፈልጋል ይላል። በሴሌውቅያ ዓመታትን በጽሞና ያሳለፈ ሰው ይህን ሲናገር የሚያውቀውን መናገሩ ነው።

የባሕር ዳር ምሽት

የቁስጥንጥንያ አገልግሎት ግን ቀላል አልነበረም። መክሲሞስ የሚባል ፈላስፋ ወዳጅ መስሎ ቀረበው፤ ጎርጎርዮስም በሕዝብ ፊት አመሰገነው። በ380 ግን ጎርጎርዮስ ታምሞ ሳለ ከግብፅ የመጡ ኤጲስ ቆጶሳት መክሲሞስን በሌሊት በድብቅ በእርሱ ቦታ ሊሾሙት ሞከሩ። ሤራው ከሸፈ፤ የጎርጎርዮስ ልብ ግን ተሰበረ። በስብከቱ መካከል የመሰናበቻ ቃል አመለጠው፤ ሕዝቡም ጮኸ። ከመካከላቸው አንዱ፣ አንተ ከሄድህ ሥላሴን ይዘህ ትሄዳለህ አለው። ይህ ቃል ልቡን ነካው፤ ለጊዜው ሊቆይ ተስማማ።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ጥቂት ጊዜ ወደ ገጠር ወጥቶ ዐረፈ፤ ከዚያም ተመልሶ ያረፈበትን ለጉባኤው ተናገረ። 26ኛው ተብሎ በሚቈጠረው በዚህ ስብከት፣ ቀኑ ሲመሽ ብቻውን በባሕር ዳር ይመላለስ እንደነበር ይነግራቸዋል። እንዲህ ማድረግ ድካሙን የሚያቀልበት ልማዱ እንደሆነ አልደበቀም። ምክንያቱንም በቀስት ምሳሌ ያስረዳል፤ ሁልጊዜ ተወጥሮ የሚኖር ጅማት አይጸናምና ሊላላ ይገባዋል።

ያን ምሽት ባሕሩ ይናወጥ ነበር። ማዕበሉ ጠጠሩን፣ የባሕሩን ሣርና ቀላሉን ነገር ሁሉ እያነሣ ሲጥል፣ ዐለቶቹን ግን ሊያነቃንቃቸው አልቻለም። ጎርጎርዮስ ይህን አይቶ ስለ ራሱ አሰበ፤ መከራ ሲመታን እንደ ጠጠሩ ነን ወይስ እንደ ዐለቱ? ከዚያም ይህን ትምህርት ይዞ ወደ ሕዝቡ መጣ።

ከ362ቱ ሽሽት ጋር እናነጻጽረው። ያኔ ሳይናገር ሄደ፤ አሁን የት እንደነበርና ለምን እንደሄደ በግልጽ ተናገረ። ያኔ ወራት ፈጀ፤ አሁን አጭር ነበር። ያኔ ሰውን ጥሎ ወጣ፤ አሁን ግን ሰዎቹን በልቡ ይዞ ወጣ፤ በባሕር ዳርም ያሰበው ከእነርሱ ጋር ስለደረሰበት ፈተና ነበር። ጠባዩ አልተለወጠም፤ ሃያ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላም ጽሞና የሚያስፈልገው ሰው ነው። የተለወጠው ጽሞናውን የሚይዝበት መንገድ ነው።

ከጉባኤው በኋላ

ታሪኩን እዚህ ብንጨርሰው ያማረ ነበር፤ እውነቱ ግን አልተፈጸመም። በኅዳር 380 ንጉሠ ነገሥቱ ቴዎዶስዮስ ቁስጥንጥንያ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን የኒቅያን እምነት ለያዙት መለሰ። በ381 ጉባኤው ተሰበሰበ፤ ሊቀ መንበሩ የአንጾኪያው ሜሌጥዮስ በጉባኤው መካከል ሲሞት ጎርጎርዮስ ሰብሳቢ ሆነ። ስለ አንጾኪያ መንበር የተነሣው ክርክር ግን እርሱ እንደመከረው አልሄደም። ከግብፅና ከመቄዶንያ የመጡትም፣ ቀድሞ ለሳሲማ የተሾመ ሰው ወደ ሌላ መንበር ሊዛወር አይገባም ብለው ተቃወሙት። ጎርጎርዮስ ራሱን እንደ ዮናስ ቈጠረ፤ ማዕበሉ በእኔ ምክንያት ከሆነ ጣሉኝ ብሎ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ወደ አገሩ ሲመለስ በውስጡ ምሬት ነበር። በ382 ወደ ሌላ ጉባኤ ሲጠራ አልሄደም፤ በደብዳቤውም የኤጲስ ቆጶሳት ስብሰባ በመልካም ሲጠናቀቅ አይቼ አላውቅም ብሎ ጻፈ። ይህን ማሞገስ አያስፈልገንም። ብዙ ስብሰባ የተቀመጠ መጋቢ ስሜቱን ይረዳለት ይሆናል፤ ነገር ግን ዕረፍትና ቂም አንድ ዋሻ ውስጥ ሊኖሩ እንደሚችሉም ከዚህ እንማራለን። ኤልያስም በኮሬብ ዋሻ ውስጥ ሳለ ያነሣው ክስ ነበር (1ነገ. 19፥10)። እግዚአብሔር አስቀድሞ አስተኛው፣ መገበው፤ በመጨረሻ ግን ለምን እዚህ መጣህ ብሎ ጠየቀው፤ ወደ ሥራም መለሰው።

በዚያው ዓመት ጎርጎርዮስ የዐቢይ ጾምን ጊዜ ሙሉ በዝምታ አሳለፈ። በአንደበቱ ዝነኛ የነበረው ሰው አንደበቱን አስጾመ። ለወዳጆቹ ግን ደብዳቤ መጻፉን አልተወም። በዚያ ዘመን ለቄስ ቄሌዶንዮስ የጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ ክርስቶስ ሙሉ ሰው አልሆነም የሚለውን የአቡሊናርዮስን ትምህርት የሚመልሱ ናቸው፤ በኋላ ዘመን ጉባኤያት ሲጠቅሷቸው ኖረዋል። የናዚያንዙስንም ቤተ ክርስቲያን እንደገና ተቀብሎ፣ በ383 ዘመዱ ኤውላልዮስ እስኪሾም ድረስ ጠበቃት። ከዚያ በኋላ በቤተሰቡ ርስት በጽሞና ኖሮ በ390 ገደማ ዐረፈ።

ያው ዮናስ በሌላ ዘመን

የጎርጎርዮስ መጽሐፍ በሮም ሌላ ጭምት እረኛን ረድቷል። በ590 የሮም ኤጲስ ቆጶስ የሆነው ታላቁ ጎርጎርዮስ ገዳሙን ሳይወድ ነበር የለቀቀው። ስለ እረኝነት በጻፈው መጽሐፍ የናዚያንዙሱን ጎርጎርዮስ በስም ያነሣል። ስጦታ እያለው ለራሱ ጸጥታ ብሎ ማገልገልን እምቢ የሚለውን ሰው በብርቱ ይገሥጻል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሙሴን ምሳሌ ያደርጋል። ሙሴ ወደ ድንኳኑ ይገባል፤ ከድንኳኑም ይወጣል። ውስጥ ሆኖ የእግዚአብሔርን ነገር ያያል፤ ውጭ ሆኖ የሕዝቡን ሸክም ይሸከማል። እረኝነት ይህ መግባትና መውጣት ነው።

ወደ ተሐድሶ ዘመን ስንመጣም ያንኑ ትግል በዮሐንስ ካልቪን እናገኛለን። ካልቪን በ1557 ለመዝሙራት ትርጓሜው በጻፈው መቅድም፣ በተፈጥሮው ዓይን አፋር እንደነበረና ጥላና ጸጥታ ይወድ እንደነበር ይናገራል። በ1536 ወደ ስትራስቡርግ ሲጓዝ ቀጥተኛው መንገድ በጦርነት ስለተዘጋ በጄኔቫ አንድ ሌሊት ሊያድር ገባ። ጊዮም ፋሬል እንዲቀር ለመነው፤ ካልቪን ለብቻዬ ማጥናት እፈልጋለሁ ሲለው ፋሬል ይህን የጥናት ጸጥታህን እግዚአብሔር ይርገመው አለው። ካልቪን ደንግጦ ቀረ። በ1538 ከከተማዋ ሲባረር አሁንስ ዐረፍሁ ብሎ ነበር፤ በስትራስቡርግ ግን ማርቲን ቡሰር የዮናስን ታሪክ አንሥቶ ወደ አገልግሎት መለሰው። ጎርጎርዮስን ያስመለሰው ነቢይ ካልቪንንም አስመለሰው።

የስትራስቡርግ ሦስት ዓመታት ግን ከጄኔቫ የተለዩ ነበሩ። ከፈረንሳይ የተሰደዱ ምእመናንን ያቀፈች ትንሽ ማኅበር እረኛ ሆነ፤ በ1539 ታላቅ መጽሐፉን አስፍቶ አሳተመ፤ በ1540 የሮሜን ትርጓሜ አወጣ፤ በዚያው ዓመት አገባ። አገልግሎቱ አልቆመም፤ መጠኑ ግን ለአቅሙ የተመጠነ ሆነ። በ1541 ወደ ጄኔቫ ሲመለስ እየፈራ ነበር፤ መድረኩ ላይ በወጣ ጊዜ ግን ሳይባረር በፊት ትርጓሜውን ካቆመበት ክፍል ቀጠለ። ስለ ደረሰበት በደል ሰፊ ንግግር አላደረገም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለእረኞችና ለእረኝነት ለሚዘጋጁ ተማሪዎች አራት ነገሮችን ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፣ ጠባይ ኃጢአት አይደለም። እግዚአብሔር አሮንንም ሙሴንም ጠርቷል። ከአምልኮ በኋላ የሚዝል አገልጋይ ፍቅሩ ጎደለ ማለት አይደለም፤ ፍቅሩ ዋጋ ያስከፍለዋል ማለት ነው። ጌታችንም ሕዝብ ሲበዛበት ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ብሎ ይጸልይ ነበር (ሉቃ. 5፥15–16)።

ሁለተኛ፣ ትንሹ ጽሞና ሲቀር ትልቁ ሽሽት ይቀርባል። በጎርጎርዮስ ሕይወት ብዙ ጉዳት ያስከተሉት ሳይነገሩ የተደረጉት ረጃጅም መሰወሮች ናቸው፤ የምሽቱ የባሕር ዳር ጉዞ ግን ማንንም አልጎዳም። ከስብከት በኋላ አንድ ሰዓት፣ ከለቅሶ ቤት ሲመለሱ በእግር የሚሄዱባት ጥቂት መንገድ፣ በሳምንት አንድ ያለ ቀጠሮ የሚያልፍ ጠዋት ቀስቱን የምናላላባቸው ናቸው። ብቻውን ሆኖ ስልኩን ሲነካካ የሚያመሽ አገልጋይ ግን ከሰው ርቋል እንጂ አላረፈም። ጎርጎርዮስን ያደሰው ጸሎት፣ ቃሉ፣ ማሰላሰልና አንድ የልብ ወዳጅ ነው።

ሦስተኛ፣ ጽሞና ሊነገር ይገባዋል። ሳይናገር የሚጠፋ መጋቢ ለሐሜት በር ይከፍታል፤ ሚስቱና ልጆቹም እንደተተዉ ይሰማቸዋል። ሽማግሌዎች ደግሞ ባስልዮስ በሳሲማ የሠራውን ስሕተት እንዳይደግሙ መጠንቀቅ አለባቸው። አገልጋይን ስንመድብ ክፍት ቦታውን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም እንይ፤ ሙሴ ለሆነው አሮን እንስጠው እንጂ አሮን ካልሆንህ አንልበለው።

አራተኛ፣ የጽሞና መመዘኛ መመለስ ነው። ጌታ ማልዶ ለብቻው ሊጸልይ በወጣ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ተከትለው አገኙት፤ እርሱም ወደ ሌሎች መንደሮች ሊሰብክ ተነሣ (ማር. 1፥35–38)። ደቀ መዛሙርቱን ለማሳረፍ በታንኳ ወደ ምድረ በዳ በወሰዳቸው ጊዜ ደግሞ ሕዝቡ ቀድሞ ደርሶ ጠበቃቸው፤ ጌታም እረኛ እንደሌላቸው በጎች ስለሆኑ አዘነላቸው (ማር. 6፥31–34)። ዕረፍቱ ተቋረጠ፤ ርኅራኄው ግን አልተቋረጠም። ከዚያ በኋላ ሕዝቡን አሰናብቶ ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ (ማር. 6፥46)። የተቋረጠውን ጽሞና አልተወውም፤ ሌላ ሰዓት ፈለገለት።

እሑድ ማታ በሩን ዘግቶ የተቀመጠው መጋቢም ስለ ዝምታው ራሱን አይክሰስ። በዚያች ሰዓት ጠዋት እጃቸውን የጨበጣቸውን ሰዎች አንድ በአንድ በጌታ ፊት ቢያነሣ፣ ከእነርሱ አልራቀም። ሰኞ በሩ ሲንኳኳም ተነሥቶ ይከፍታል።